«ሴት ያሳደገው» እና የኦርካ ወንድ

ከለገጣፎ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠፈራችን ልጆች ስለ ባሕር እንስሳት በአማርኛ እናነብላቸዋለን። ስለ ኦርካ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ውስጥ «ወንዱ ዕድሜውን ሙሉ ከእናቱ አይለይም» የሚል አለ። አንዱ ልጅ ይህን ሲሰማ «ሴት ያሳደገው ነዋ!» አለና ሁሉም ሳቁ። ስድቡን እናውቀዋለን፤ ተቆጪ ያጣ፣ ሥርዓት የጎደለው ማለት ነው። ይህ አነጋገር በበጎ የሚነገርበት ቦታ አለ? ደግሞስ እንስሳውን «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ልበለው ወይስ ኦርካ ብቻ?

ከሰበታ፦
እህቴ፣ በበጎ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን ግሡን ልብ ይበሉልኝ። «ሴት ያሳደገው» እንላለን እንጂ «ሴት ያሳደገችው» አንልም። ግሡ የወንድ ሆኖ የቀረው «ሴት» የተባለችው አንዲት የታወቀች ሰው ስላልሆነች ነው፤ ማንም ትሁን ማን፣ በጅምላ ተጠርታለች። ስድቡን መራራ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል፤ ያሳደገችው ሴት ስምም መልክም የላትም። «እናቱ ያሳደገችው» ሲባል ግን እናቲቱ ብቅ ትላለች፤ ስድቡም ይጠፋል።

ለኦርካው የሚስማማው ይኸኛው ነው። በካናዳና በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩትን ሳልሞን የተባለውን ዓሣ የሚበሉ ኦርካዎች ማይክል ቢግ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በጀርባ ክንፋቸው ቅርፅና ከክንፉ ኋላ ባለው ግራጫ ምልክት አንድ በአንድ ለይቶ መዝግቧቸዋል። ስለዚህ የማን እናት ማን እንደሆነች ይታወቃል። ወንዱ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ካለች ሴት ይወልዳል እንጂ ጎጆ አይወጣም፤ ተመልሶ ከእናቱ ጎን ይዋኛል። እሷም የያዘችውን ሳልሞን ቆርሳ ታካፍለዋለች፤ ጎልምሶ ከእሷ በልጦ እንኳ! በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ እናቱ በሞተች በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድሉ 14 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ልጆቹ የሳቁበት ወንድ በእናቱ የቆመ ነው፤ ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

«ጡት ያልጣለ» እንዳይሉት ግን አደራ። እሱ ሌላ ነው፤ ያልበሰለ ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ የበሰለ አዳኝ ነው።

ከቡራዩ፦
በ«ገዳይ» ላይ ልጨምር። በእኛ ፉከራ ገዳይ የማዕረግ ስም ነው፤ አንበሳ የጣለ፣ ዝሆን የጣለ ይባልበታል። ለወንጀለኛው «ነፍሰ ገዳይ» የሚል ለብቻው አለን። «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ሲባል ግን የዛሬ ልጅ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው፤ ሰው የሚበላ አውሬ ይመስለዋል። በዱር የሚኖር ኦርካ ሰው ስለ መግደሉ የተመዘገበ ነገር የለም። ደግሞም ከዶልፊን ወገን ነው፤ ከዶልፊኖችም ትልቁ። ስሙ የመጣው ዓሣ ነባሪ ሲያድን ካዩት መርከበኞች ነው ይባላል፤ እንዲያ ከሆነ «ዓሣ ነባሪ ገዳይ» ነበር የሚሆነው። እኔ ኦርካ ይበሉት እላለሁ።

የድምፃቸው ነገር ሲመጣ «ዘዬ» የሚለውን ቃል አይለፉት። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የጥሪ ዓይነት አለው፤ ግልገሉ ከእናቱና ከቤተሰቡ ይማረዋል። የጎጃሙን ከወሎው በንግግሩ እንደምንለየው ተመራማሪዎችም ቤተሰቡን በጥሪው ይለያሉ።

ከለገጣፎ፦
እግዜር ይስጥልን። የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ መውለድ ያቆመችውን መሪ ምን ልበላት? «ባልቴት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ለጆሮዬ አልጣመኝም።

ከሰበታ፦
ባልቴት ስንል አቅም ያነሳት፣ ብቻዋን የቀረች ትመጣብናለች። ይህችኛይቱ እንደዚያ አይደለችም። ሴቶቹ 40 ዓመት ገደማ ላይ ያርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አሥርት ዓመታት ይኖራሉ። ከፊት እየዋኙ ቤተሰቡን ወደ ሳልሞኑ የሚመሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ያረጠች እናት ያለችው ወንድ በሌሎች ኦርካዎች ጥርስ የሚደርስበት ጭረት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሁሉም ኦርካ ግን እንዲህ ነው አይበሉ፤ ሳልሞን ትተው የባሕር አጥቢዎችን የሚያድኑት ዘንድ ቤተሰቡ አነስ ይላል፣ ከእናቱ የሚለይም አለ።

ስለዚህ «አያት» ይበሏት። ቃሉ ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን «አያቲቱ» ብለው ይጀምሩ፦ «አያቲቱ ትመራለች፤ ሳልሞን ባነሰ ዓመት ደግሞ አብልጣ ትመራለች።» ግሡ ሴትነቷን ራሱ ይናገርልዎታል።