የፊት ቦርሳዬ የማርሽ ሽቦዎቼን እያጣመመብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት ልሄድ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ነገር ግን አላስኬድ አለኝ።

መሪዬ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈው ዓይነት ነው። የፍሬን ሽቦዎቹ መሪው ላይ ከተጠቀለለው ቴፕ ሥር ስለሚያልፉ ሰላም ናቸው። የማርሾቹ ግን ከፍሬን እጀታው ጎን ወጥተው ፊት ለፊት ይንጠለጠላሉ። መሪው ላይ የማንጠለጥለው ቦርሳ ይጫናቸዋል። ትናንት ሳየው የቀኙ ሽቦ ሽፋን፣ ልክ ቦርሳው የሚነካው ቦታ ላይ፣ ታጥፎ ነጭ መስመር አውጥቷል። የኋላ ማርሽም ወደ ትንንሾቹ ጥርሶች አልወርድ ይላል።

ሽፋኑን ላሳጥር ብዬ ሞከርኩ። መሪውን እስከ ጥግ ሳዞር ተወጠረ። በፍሬን ሽቦ ሽፋን መተካትም አይሆንም፤ ጥቅልል ስለሆነ ሲጨመቅ ያጥራል፣ ማርሹን ያዛባል።

የቀኙን ሽቦ በብስክሌቱ ግራ ጎን፣ የግራውን በቀኝ ወስጄ፣ ከፍሬሙ ታችኛው ብረት ሥር መልሼ ባቋርጣቸው መታጠፊያው ሰፋ ይላል? ወይስ ቦርሳውን ከመሪው ራቅ የሚያደርግ ማንጠልጠያ ይሻላል? ዕቃ ጭናችሁ ረጅም መንገድ የሄዳችሁ፣ እባካችሁ የብስክሌታችሁን ፎቶ አሳዩኝ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው የምነሳው።