የኩላሊት እጥበትና የቡና ነገር

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ አባቴ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜውም ለ4 ሰዓት ያህል የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ፤ በመካከል ባሉት ቀናት ግን ጎረቤት ቡና በጠራቸው ቁጥር ከአቦል እስከ በረካ ስለሚጠጡ እግራቸው ያብጣል። ሳላስከፋቸው እንዴት ልርዳቸው?

መልስ፣ ከደሴ፦ እኔም እጥበት ላይ ነኝ። ጥማትን የሚቀሰቅሰው ጨው ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ውኃ ከመከልከል በፊት የሽሮውንና የበርበሬውን ጨው መቀነስ ይቀድማል። ጠዋት ጠዋት እመዘናለሁ፤ በአንድ ቀን 1 ኪሎ ከጨመርኩ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ፈሳሽ መሆኑን አውቃለሁ። ከቡናው አልቀርም (ወሎ ተቀምጦ ማን ይቀራል?)፤ አቦልን በትንሽ ስኒ ቀምሼ ለጨዋታው እቀመጣለሁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ ሙዝና ድንች ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው፣ ይህም የልብን ምት ስለሚያዛባ፣ መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ። ፊስቱላ (ለእጥበቱ ሲባል በቀዶ ጥገና የተገናኘ የደም ሥር) ባለበት ክንዳቸው ደም ግፊት አይለካ፤ ደምም አይቀዳ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሚዛኑን ራሳቸው እንዲያነቡት ለአባቴ እተውላቸዋለሁ።