ክርክር፦ ዋሽንግተን የጎዳና ባቡሯን ነቅላ አውቶቡስ ማስገባቷ ልክ ነበር? ሐዲዱስ ይመለስ?

አስተባባሪ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ የሚነሳው ከኤች ስትሪት ነው። በ2016 ሥራ የጀመረው የጎዳና ባቡር ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነበር፤ በ2025 ከተማዋ ልታቆመው ወሰነች። በዚያው ዓመት ጁን 29 ሜትሮ የሚባለው የትራንስፖርት ድርጅት የአውቶቡሶቹን ቁጥር ከላይ እስከ ታች ቀየረና የጆርጂያ አቬኑን 70 «ዲ40» አለው። 70 ደግሞ አውቶቡስ ከመሆኑ በፊት በዚያው መንገድ ይሄድ የነበረ የባቡር ቁጥር ነው። የጆርጂያው ባቡር በጃንዋሪ 1960 ተነሳ፤ የ14ኛው መንገድና የዩ ስትሪት መስመሮች ጃንዋሪ 28 ቀን 1962 የመጨረሻ ሆነው ቆሙ። ከተማዋ አበጀች ወይስ አጠፋች? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የግል ትዝታ ይቅርና ሥራውን የምታውቁ ስለ ሥራው ጻፉ።

ሐዲድ ናፋቂ፦
አጠፋች! ዕቃውን እንየው። ከ1937 ጀምሮ የገቡት ፒሲሲ የሚባሉት ባቡሮች 44 ጫማ ገደማ ርዝመት ነበራቸው። በር ከፊትና ከመሀል፣ ሹፌር አንድ። መንኮራኩራቸው ውስጥ ላስቲክ ስላለ ጩኸታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱም ገና ሲነሱ ሙሉ ጉልበታቸውን ይሰጣሉ። የማይረቡ ቢሆኑ ማን ይገዛቸው ነበር? 101ዱን ባርሴሎና፣ 71ዱን ሳራዬቮ ወስደው ለዓመታት ሠሩባቸው። እኛ ጋ «ጊዜው አለፈበት» የተባለው ዕቃ እዚያ ሕዝብ ሲያመላልስ ነበር።

ዲዝል ጋራዥ፦
ባቡሩ ላይ ክርክር የለኝም። ጉዱ ያለው ከሥሩ ነው። ኮንግረስ በመሀል ከተማ የላይ ሽቦ ስለከለከለ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከመሬት በታች ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መሀል ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ ከስንጥቁ ሥር ቦይ፣ በቦዩ ግራና ቀኝ ወደ 600 ቮልት ያለባቸው ሁለት የብረት መስመሮች። ከባቡሩ ሆድ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ማገናኛ፣ በሙያው ፕላው የሚሉት፣ በስንጥቁ ወርዶ ሁለቱን እየነካ ይሄዳል።

ምን ይበላሻል? በክረምት በረዶ ላይ የተበተነው ጨው ቀልጦ ወደ ቦዩ ይወርድና ኤሌክትሪኩ ወደ ሌላ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ኢንሱሌተር ያረጥበዋል፤ ሾርት ይሆናል። በሐምሌ ሙቀት ብረቱ ሲለጠጥ ስንጥቁ ይጠብና ፕላውን ይነክሰዋል። የወደቀ ሽቦ ቁራጭ ሁለቱን ብረት ካገናኘማ እሳት ነው። ደግሞ ሐዲድ በሚሻገርበትና በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ ብረቶቹ ስለሚቋረጡ ኤሌክትሪክ የለም፤ ሹፌሩ ቀድሞ በያዘው ፍጥነት ተንሸራቶ ማለፍ አለበት። አንድ መኪና ፊቱ ገብቶበት እዚያ ላይ ከቆመ አለቀለት። ከኋላው ያለው ባቡር መጥቶ እስኪገፋው መስመሩ በሙሉ ይቆማል። አውቶቡስ ቢበላሽ የሚቀጥለው ዞሮት ያልፋል።

ወደ ዳር የሚወጡት መስመሮች ደግሞ የላይ ሽቦ ስለነበራቸው መገናኛው ላይ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ፕላውን ይፈታል፣ ሌላው ከላይ ዘንጉን ሽቦው ላይ ይሰቅላል። ሲመለስ ደግሞ ፕላው ይታሰራል፣ ዘንጉ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ባቡር፣ በእያንዳንዱ ምልልስ፣ በዝናብም በበረዶም። የዚህን ሁሉ ደመወዝ አስሉት።

ጋሼ 92፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ነገሩን የመካኒክ ውሳኔ አስመሰላችሁት። ውሳኔው የገንዘብና የኮንግረስ ነው።

ካፒታል ትራንዚት የሚባለውን ኩባንያ በ1949 ሉዊስ ዎልፍሰን የሚባል ባለሀብት ያዘውና በካዝናው የተጠራቀመውን ገንዘብ ለባለ አክሲዮኖች አከፋፈለው። በ1955 ሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ኩባንያው ዋጋ ካልጨመርኩ አልችልም አለ፤ ዋጋ መጨመር ተከለከለ። በዚያ በጋ ከተማዋ ሰባት ሳምንት ያህል ያለ ባቡርም ያለ አውቶቡስም ከረመች። ኮንግረስ ተቆጥቶ የኩባንያውን ፈቃድ ነጠቀ። በ1956 ኦ. ሮይ ቾክ የሚባል ነጋዴ በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ዲሲ ትራንዚት አለው። የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ በሰባት ዓመት ውስጥ ባቡሩን ሁሉ በአውቶቡስ እንዲተካ የሚያዝ ነበር። ቾክ ባቡሩን ለማቆየት ቢሞክርም ሕጉን የሚያነሳለት አላገኘም። እንግዲህ «አውቶቡስ በውድድር አሸነፈ» የሚል ካለ፣ ውድድር አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የድሮውን ዘመን ወርቅ አድርጎ የሚያወራ ስለበዛ ነው። ይኸው ኩባንያ እስከ 1955 ጥቁር ሹፌር አይቀጥርም ነበር። በ7ኛውና በዩ ስትሪት ባቡሩን የሚሞላው ጥቁር ተሳፋሪ ነው፤ መሪውን የሚይዘው ነጭ ብቻ። ስለ ሐዲዱ ስንቆጭ ይህችንም አንርሳት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን እርስዎ ጨረሱልን። እኔ የማየው የምልልስ ሂሳቡን ነው፤ ባቡርም ሆነ አውቶቡስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

መሄጃው 50 ደቂቃ፣ መመለሻው 50፣ በየጫፉ 10 ደቂቃ ማረፊያ እንበል። ሙሉ ዙሩ 120 ደቂቃ ይሆናል። በየ10 ደቂቃው አንድ እንዲመጣ ከተፈለገ 120ን ለ10 ማካፈል ነው፤ 12 ተሽከርካሪ። አሁን መጨናነቁ በአንድ አቅጣጫ 10 ደቂቃ ጨመረ እንበል። ዙሩ 140 ሆነ፤ 14 ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተጨመሩ ወይ ሰው 12 ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል፣ ወይ የሹፌሩ ማረፊያ ይበላል። ብዙ ጊዜ የሚበላው ማረፊያው ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ የተፈጠረው መዘግየት መካሻ አጥቶ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል፣ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ይፈርሳል።

«ሁለት ተከታትለው መጡ» የሚባለውም ከዚህ ይመጣል። የዘገየው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የሚያገኘው ሰው ይበዛል፣ ጭነቱ ጊዜ ይወስዳል፣ የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ባዶውን እየበረረ ይደርስበታል። መፍትሔው የኋለኛውን መሀል መንገድ ላይ ማቆየት ነው፤ መጨረሻ ጣቢያ ላይ ማቆየት ለመሀል ተሳፋሪ አይጠቅምም። በ1950ዎቹ ይህን የሚሠራው መንገድ ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆም ተቆጣጣሪ ነበር። የአከፋፈሉም ነገር አለበት፤ እስከ 1968 ድረስ ሹፌሩ ዝርዝር ይመልስ ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ አንድ ሹፌር በዘረፋ ከተገደለ በኋላ ትክክለኛ ሂሳብ ይዞ መሳፈር ግድ ሆነ። ምክንያቱ አሳዛኝ ቢሆንም በየፌርማታው የሚባክነውን ጊዜ ቀንሶታል።

ሐዲድ ናፋቂ፦
እህቴ፣ ሂሳብሽ እኔን ይደግፋል። ባቡር ብዙ ሰው ይይዛል፣ በሁለት በር ያስተናግዳል፣ ስለዚህ ፌርማታ ላይ የሚባክነው ጊዜ ያንሳል።

ዳገቱንም አንርሳ። 14ኛው መንገድ ከፍሎሪዳ አቬኑ ወደ ክሊፍተን ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው። ባቡሮቹን የተኩት የጂኤም አውቶቡሶች ባለ ሁለት ምት ዲዝል ናቸው፤ ሞተሩ ከኋላ በአግድም ተቀምጦ። የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፈው የፈሳሽ ማርሽ ፍጥነት ሳያገኝ ወደ ቀጥታ ግንኙነት ስለማይገባ ዳገት ላይ ከፌርማታ ሲነሱ ዘይቱ ይግላል፣ ጩኸት ብቻ፣ ጭሱ ከኋላ ያለውን ሰፈር ይሸፍናል። ኤሌክትሪኩ ባቡር ግን ያንኑ ዳገት ሽቅብ ዝም ብሎ ይወጣው ነበር።

ዲዝል ጋራዥ፦
ለአፍ ዳገት የለውም። ወንድሜ፣ ብረት በብረት ላይ በጥቅምት ቅጠል ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? የረገፈው ቅጠል ተጨፍልቆ ሐዲዱን ሳሙና ያደርገዋል። ለዚህ ነው ባቡሮቹ አሸዋ ይዘው የሚሄዱት፤ ሹፌሩ ሲጫነው ከመንኮራኩሩ ፊት ይረጫል። አሸዋው ካረጠበ ቱቦው ይደፈናል፣ ከተደፈነ ሽቅብ መንሸራተት፣ ቁልቁል ደግሞ ፍሬን አለመያዝ። የዲዝሉን ጭስ አልክድህም፤ ያኔ ነዳጅ የሚረጨው የኢንጀክተር ጫፍ ሲበላ ጭሱ ይጠቁራል፣ ኢንጀክተሩ ተፈቶ በወቅቱ ካልተስተካከለ ይብሳል። ግን ያ የጥገና ጉድለት ነው። መንገዱን ሳትቆፍር ጋራዥ ውስጥ ታስተካክለዋለህ።

«ብዙ ሰው ይይዛል» ያልከውም ያን ያህል አይደለም። ባለ 40 ጫማው አውቶቡስ 51 መቀመጫ ነበረው፤ ፒሲሲውም የመቀመጫው ቁጥር ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሚበልጠው በቋሚ ነው።

ልደታ ፌርማታ (ከአዲስ አበባ)፦
ከሩቅ ጣልቃ ልግባ። የኤች ስትሪቱ ባቡር ከመኪና ጋር አንድ መንገድ ይጋራ ነበር፤ አንድ ሰው መኪናውን ከመስመሩ ትንሽ አስወጥቶ ካቆመ ባቡሩ ሊዞረው አይችልም፣ ተጎትቶ እስኪነሳ ይጠብቅ ነበር። የእኛ ቀላል ባቡር በ2015 መስከረም ሥራ ሲጀምር ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሐዲዱ የታጠረ ነው፣ ድልድይም አለው። ግን ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም አካባቢ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ እዚያ ላይ አንዱ ቢቆም ሁለቱም ይያዛሉ። አጥሩ ደግሞ እግረኛውን ሩቅ ያዞረዋል። ስለዚህ «ብቻውን የሚሄድበት መንገድ ይሰጠው» ለሚለው አዎ፤ ግን መለዋወጫውን ከየት፣ በምን ምንዛሪ የሚለውን አብራችሁ መልሱ። አውቶቡስ ቢያንስ ከሌላው ላይ ዕቃ ፈትተው ያስነሱታል።

ሐዲድ ናፋቂ፦
ልደታ፣ ያልከው በመለዋወጫ በኩል ልክ ነው፤ ግን ሳራዬቮ ከዋሽንግተን የሄዱትን አሮጌ ባቡሮች እያገጣጠመች አሠርታለች። ጥያቄው ጋራዡ ውስጥ ሰው ማሠልጠን ነው።

ጋሼ 92፦
እኔ ግን ሌላ ነገር ልበል፤ ሐዲዱን የተካው አውቶቡሱ ብቻ አይደለም። 7ኛው፣ 14ኛውና ኤች ስትሪት፣ ባቡሩ ያሳደጋቸው ሦስቱ የገበያ መንገዶች፣ በ1968 ረብሻ የተቃጠሉት እነሱው ናቸው። አረንጓዴው የሜትሮ መስመር ዩ ስትሪት የደረሰው በ1991 ነው፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በ1999። በመሀሉ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ሠራተኛውን ያመላለሰው 70 እና ቁጥራቸው በ50 ቤት ያለው የ14ኛው አውቶቡሶች ናቸው። የሀበሻ ምግብ ቤቶች ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ሲወርዱ፣ ኋላም ወደ ጆርጂያና ሲልቨር ስፕሪንግ ሲወጡ የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። ሐዲድ ባይኖርም መስመሩ አልሞተም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ለዚህ ነው የቁጥሩ ለውጥ የሚቆጨኝ። ቁጥሮቹ በከንቱ አልተሰጡም፤ የ50ዎቹ 14ኛው፣ የ70ዎቹ 7ኛውና ጆርጂያ፣ የ90ዎቹ ዩ ስትሪትና 8ኛው። የባቡሩ ቁጥር ወደ አውቶቡሱ ተላልፎ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶች ቁጥር ነው የሚለዩት፤ «ሰባን ያዢ» ይበቃል። አሁን ከፊቱ ፊደል መጣበት።

ዲዝል ጋራዥ፦
ፊደሉ ሥራ አለው። ዲ ወደ መሀል ከተማ የሚገባ ነው፣ ሲ አቋርጦ የሚያልፍ፣ ኤም ሞንትጎመሪ፣ ፒ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ኤፍ ፌርፋክስ፣ ኤ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ። ድሮ 70 የትኛው ሰፈር እንደሚሄድ የሚያውቀው የሚያውቀው ብቻ ነበር። ፈጣኑ 79 ደግሞ ዲ4ኤክስ ተባለ፤ ከዲ40 ጋር አንድ መንገድ እንደሚሄድ ስሙ ይናገራል። 79ን ከ70 ጋር የሚያገናኝ ምን ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሺ፣ ቁጥሩን ተውልኝ፤ መንገዱን ስጡኝ። በጆርጂያ ላይ በ2016 ቀይ የአውቶቡስ መስመር የተቀባው ከፍሎሪዳ አቬኑ እስከ ባሪ ፕሌስ፣ ጥቂት ብሎክ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ያለው ግማሽ ቀን የጭነት መኪና ማራገፊያ ነው። ሐዲድ ብታስቀምጡም ይህ ካልተለወጠ ኤች ስትሪትን ነው የምትደግሙት። የማራገፊያ ሰዓት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት እና ከምሳ በኋላ እስከ ዘጠኝ ይሁን፤ በየብሎኩ ጎን መንገድ ላይ ሁለት የማራገፊያ ቦታ ይሰጥ፤ የቀረውን አውቶቡሱ ግንባር ላይ ያለው ካሜራ ይቅጣ።

ሐዲድ ናፋቂ፦
እና ይህን በሰፈሩ ስብሰባ ላይ የሚቃወመው ማን ይመስልሻል? በር ላይ መኪና የሚያቆምበት ደንበኛ እንዳይጠፋበት የሚሰጋው የእኛው ነጋዴ ነው። ሐዲድ ሲሆን ቢያንስ አንዴ ከተቀበረ በስብሰባ አይነሳም።

ጋሼ 92፦
አይነሳም? በ1962 ምን ሆነና! አንዳንዱ እንዲያውም አልተነሳም፤ ጆርጅታውን ኦ እና ፒ ስትሪት ላይ ስንጥቁም ሐዲዱም እስከዛሬ አለ፤ ጥያቄው ላዩ ላይ የሚሄድ መኖሩ ነው።

አስተባባሪ፦
የሲልቨር ስፕሪንጓን የማራገፊያ ሰዓት ሐሳብ ለብቻው እከፍተዋለሁ። በጆርጂያ ላይ ሱቅ ያላችሁ፣ ዕቃ በስንት ሰዓትና በምን ዓይነት መኪና እንደሚመጣላችሁ ጻፉልን።