የአፄ ኃይለ ሥላሴ አሟሟትና የደርግ ባለሥልጣናት ፍርድ፦ ምን ያህሉ ተረጋግጧል?

የታሪክ መምህር፣ ደሴ ፒያሳ
ደርግ በነሐሴ 1967 የ83 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት አልጋቸው ላይ ሞተው መገኘታቸውን ሲገልጽ፣ ምክንያቱ የደም ዝውውር መታወክ ነው ብሎ ቀደም ሲል ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይህን አልተቀበሉም። ሕዝብ የተገኘበት ቀብር አልነበረም፤ ዐፅማቸውም በ1984 በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ወጣ። በሕመም የሞተን ሰው እንዲህ የሚሸሽግ መንግሥት ስለማይኖር፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ታንቀው ተገድለዋል ብሎ መክሰሱ ትክክል ነበር እላለሁ።

የሕግ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አስከሬን መደበቅ ብቻውን ግድያን አያስረዳም። ደርግ ቀብሩ የተቃውሞ መሰባሰቢያ እንዳይሆን ሰግቶ ሊደብቀው ይችል ነበር። በወንጀል ጉዳይ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ 16 ዓመት አፈር ውስጥ የቆየ ዐፅም ደግሞ ሥጋው ስለሌለ ስለ መታነቅ የሚሰጠው ማስረጃ አነስተኛ ነው። ችሎቱ በ1987 ሲጀመር ዋናው ተከሳሽ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ስለነበሩ የታዩት በሌሉበት ነው። በታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ ሲሰጥም ዳኞቹ አንድ ድምፅ አልነበሩም፤ ሦስተኛው ዳኛ ተከሳሾቹ በዘር ማጥፋት ሳይሆን በከባድ የሰው ግድያ ሊጠየቁ ይገባል ብለው ተለይተዋል።

የታሪክ መምህር
የዳኛው ልዩነት የወንጀሉ ስያሜ ላይ እንጂ ሰው መገደሉ ላይ አይደለም። ዘር ማጥፋትን የሚመለከተው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጨምር ስለነበር ክርክሩ ከዚያ የመነጨ ነው። ይህን ከንጉሡ አሟሟት ጋር ማደባለቅ አንባቢን ያሳስታል።

ነጋዴ፣ ደሴ ሸዋ በር
እኔ የምናገረው እንደ ወሎ ሰው ነው። በ1965 እና በ1966 ረሃብ ከቤታችን ብዙ ሰው አልቋል፤ እናቴ እህሉ ሲያልቅ የወፍጮውን ድንጋይ ሳይቀር ሸጣ እኛን ይዛ ወደ መንገድ ወጣች። ንጉሡን ለመውቀስ ከእኔ የበለጠ ምክንያት ያለው ብዙ ሰው አይደለም። የፈለግሁት ግን በችሎት ቀርበው ስለ ወሎ ሕዝብ እንዲጠየቁ፣ የጠየቃቸውም መልሳቸውን እንዲሰማ ነበር። ያለ ፍርድ ያስወገዳቸው ካለ፣ እኔ ልሰማው የሚገባኝን መልስም አብሮ ቀብሮታል። በእኛ ረሃብ ስም ሥልጣን የያዘ መንግሥት ይህን ማድረጉን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

የሕግ ባለሙያ
ወንድሜ፣ ያሉት ልብ ይነካል፤ ደርግ በቁጥጥሩ ሥር ስለነበረ ሰው ሙሉ ኃላፊነት እንዳለበትም እቀበላለሁ። አንድ እስረኛ ሲሞት ገለልተኛ ሐኪም እንዲመረምረው፣ አስከሬኑም ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ያላደረገ አሳሪ፣ በተፈጥሮ ሞት ነው የሞተው ሲል ቃሉ ሊታመን አይገባም። ያም ሆኖ ማን ገባ፣ ማን አዘዘ፣ ማን ፈጸመ የሚለው ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ለየብቻው መረጋገጥ አለበት፤ በ2000 ይግባኙን ያየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ ማድረጉ ይህን ጥያቄ አይመልስም።