የባሕር ላይ የድረሱልን ስልክ፦ ቁጥሩን ለልጆቻችን እንስጥ?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ባለፈው እሁድ እድራችን ላይ የተነሣ ክርክር ሳይቋጭ ቀርቷል፤ እዚህ ላምጣው። አንድ ወጣት መምህር "ባሕር ላይ ለተቸገሩ ስደተኞች የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ፤ ቁጥሩንና አጠቃቀሙን ለሰፈሩ ወጣቶች እናስተምር" አለ። አንድ አባት "ሂዱ ልትሏቸው ነው?" ብለው ተቆጡ። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ስልኩ አላርም ፎን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመረ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው ቀን ከሌት በፈረቃ የሚያነሡት። የራሳቸው ጀልባ የላቸውም። ሰው ከባሕር ሲደውል የት እንዳለ፣ ስንት ሆነው እንደተሳፈሩ፣ ውሃ እየገባ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጂፒኤሱን ተቀብለው ለባሕር ጠባቂዎች ይነግራሉ። ከዚያም አንድ ሰው እስኪደርስላቸው መልሰው መላልሰው ይደውላሉ። የጠፋበትን ሰው የሚፈልግ ቤተሰብም ይደውልላቸዋል።

የኮምቦልቻ ሹፌር፦
እኔ አልደግፍም። ሥራዬ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በገላፊ አድርጎ ጅቡቲ ነው። ልጆቹን መንገድ ላይ በዓይኔ አያቸዋለሁ። ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ሁለት ሊትር ውሃ አንጠልጥለው በዚያ ሐሩር ይሄዳሉ። ውሃ ሰጥቻቸው አውቃለሁ። ደላላው ይህን ቁጥር ያገኘ ቀን ምን እንደሚል ልንገራችሁ? "አትፍሩ፣ ከተቸገራችሁ ትደውላላችሁ፣ መጥተው ያወጧችኋል።" በቃ፣ ማታለያ ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ የኛ ልጅ የሚሄደው ጅቡቲ ባሕር ዳር ካለችው ከኦቦክ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ነው። ስልኩ የሚሠራው ወደ አውሮፓ በሚያሻግረው ባሕር ነው። ለማን ነው የምታስተምሩት?

የሆጤ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የሁለተኛውን እቀበላለሁ። እመለስበታለሁ።

ስለ ደላላው ግን አንድ ታሪክ ስማ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ከትሪፖሊ 72 ሰዎች በአንዲት የጎማ ጀልባ ተነሡ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነዳጅ ሲያልቅባቸው በሳተላይት ስልክ ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ። ያኔ ጣሊያን ይኖሩ የነበሩ ኤርትራዊ ቄስ ናቸው። ቁጥራቸው ሊቢያ እስር ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይገኝ ነበር። ቄሱ ወዲያው ለጣሊያን ባሕር ጠባቂ ነገሩ። ጀልባዋ ያለችበት ቦታ ታወቀ። ሄሊኮፕተር መጥታ ውሃና ብስኩት ጣለችላቸው፤ ከዚያ አልተመለሰችም። የጦር መርከብም አጠገባቸው ደርሶ ሄደ። ሁለት ሳምንት ያህል ባሕሩ ሲያንገላታቸው ቆይቶ እዚያው ሊቢያ መልሶ ተፋቸው። 63 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት 9 ናቸው።

ያኔ አላርም ፎን ገና አልነበረም። እነዚያን ሰዎች ስልክ ነው ያታለላቸው? ደላላው ያለ ቁጥርም ሲዋሽ ኖሯል። ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ አንሥቶ የሚያናግራቸው፣ ባለሥልጣኑን "የት አደረሳችኋቸው?" ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው ቢበዛ ግን ስንቱ በተረፈ ነበር። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናት ከሸዋ በር፦
እኔ እየነገርኳት ልጄ ነች የምትጽፍልኝ። ታላቅ ወንድሟ ከኦቦክ ደወለልኝ። "ማታ እንሳፈራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ" አለኝ። ያ መጨረሻው ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ደላላው ስልኩን ዘጋ። ለቅሶ አልተቀመጥኩ፣ ሰው አልመጣልኝ።

"ሂዱ ልትሏቸው ነው?" ላሉት አባት፦ የኔን ልጅ ሂድ ያለው የለም። እግሩን ይዤ ለምኜዋለሁ። ሌሊት ተነሥቶ ሄደ። እኔ የምደውልበት ቢኖር እንኳ አንድ ነገር ነበር።

የኮምቦልቻ ሹፌር፦
እትዬ፣ አላህ ያምጣልዎ። የምለው ጠፋኝ።

የሕግ ተማሪ፦
ቁጥሩን መስጠት ወንጀል ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው። የአዋጅ 1178/2012 ዋና ዒላማ ሰው የሚነግደውና ለጥቅም ብሎ ድንበር የሚያሻግረው ነው። ሰው እንዳይሰጥም ቁጥር መንገር ከዚያ ጋር አይገናኝም። በባሕር ሕግም የመርከብ ካፒቴን በውሃ ሊያልቅ ያለ ሰው ካየ የማዳን ግዴታ አለበት። የማን ዜጋ ነህ፣ ወረቀትህ የታል አይልም።

የሆጤ ልጅ፦
እትዬ፣ ቤትዎ እመጣለሁ፤ በስልክ የሚወራ አይደለም።

አሁን ወደ ሹፌሩ ልመለስ። እውነትህን ነው፣ የኛ ሞት በብዛት በዚያኛው ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከየመን ወደ ጅቡቲ 310 ሰዎችን ይዘው የመጡ ሁለት ጀልባዎች ነበሩ። አሻጋሪዎቹ ባሕር ላይ "ውረዱና ዋኙ" አሏቸው። ቢያንስ 45 ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2025 ደግሞ አብያን አጠገብ፣ የመን ውስጥ፣ ሌላ ጀልባ ሰጠመ። የተሳፈሩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለዚህ መምህሩ ያለው አይበቃም እላለሁ። ለኦቦክና ለየመን ባሕርም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያነሣ መስመር እንጠይቅ። ጅቡቲ ባሕር ጠባቂ አላት። ወደ እነሱ የሚያደርስ አንሺ እንፈልጋለን። ይህን በእድሩ ስም ብንጽፍ ምን አለበት?

የኮምቦልቻ ሹፌር፦
ለዚያ ባሕር ከሆነ እፈርማለሁ። ቁጥሩን ግን በወረቀት አትበትኑ። ልጆቹን ሰብስቡና ከባቲ ወዲያ ያለውን መንገድ መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው። ያየሁትን ሁሉ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ስልኩን ያስተምር። እሁድ ከጅቡቲ እመለሳለሁ፤ ከሰዓት ካደረጋችሁት እደርሳለሁ።