የአያቴ ፊሊፕስ ሬዲዮ፣ ቫልቭ ከየት ላግኝ?

የአራዳው፦ ሰላም ጓዶች። አያቴ የተዉት ባለ ቫልቭ (ያ አምፖል የሚመስለው የመስታወት ቱቦ) ፊሊፕስ አለኝ። ሲከፈት መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን ወፍ የለም። ከኋላ ስከፍተው ኢኤል 84 የሚለው ቫልቭ አናቱ ላይ እንደ ሌሎቹ ብርማ መሆን ሲገባው ነጭ ሆኗል። ፒያሳ የማውቃቸው ጠጋኞች ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የት እንደገቡ እንጃ። ከየት ላግኝ?

ካውያ፦ ነጭ ከሆነማ አየር ገብቶበታል፣ አለቀለት። አይዞህ፣ ኢኤል 84 ዛሬም ይመረታል። አሜሪካኖቹ 6ቢኪው5 ይሉታል፣ የራሺያው 6ፒ14ፒም ይተካዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዕድልህን ሞክር፣ ካልሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ጣል ያደርግልሃል።

እሙዬ፦ ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ከቫልቩ በፊት ያለችውን ኮንደንሰር፣ ድምፁን አሳልፋ ቀጥታ ኮረንቲን የምታግደዋን ትንሽ ዕቃ፣ አስቀይር። እሷ ካረጀች ኮረንቲ ታሾልክና አዲሱንም ቫልቭ ታቃጥልብሃለች፣ ሰው ሁሉ ይሄን ረስቶ ቫልቭ ሲያባክን ይኖራል። ደግሞ ከሶኬት ነቅለኸውም ቢሆን እጅህን ዝም ብለህ እንዳትከት፣ ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የአራዳው፦ ተባረኩ! ከተሠራ ኤፍኤም 97.1 ይይዝልኛል?

ካውያ፦ ኤፍኤም ካለው አዎ። የዚያን ጊዜዎቹ ብዙዎቹ እስከ 100 ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ ያሉትን ጣቢያዎች እርሳቸው።