ባልና ሚስት የቤት ሥራን እንዴት እንደሚከፋፈሉ በመጠይቅ መለካት

ብሌን_ሶሲ፦
ለመመረቂያ ጽሑፍ በአዲስ አበባ 60 ባለትዳር ቤተሰቦችን ልጠይቅ ነው። መጠይቁ «የቤት ሥራ የማን ኃላፊነት ነው?» ብሎ ይጀምራል። በሙከራው ሁሉም ማለት ይቻላል «የሁለታችንም» ብለዋል። ምኑ ነው የተበላሸው? ከንድፈ ሐሳቡስ የትኛው ይሻላል?

ሰዓት_ቆጣሪ፦
ምን መሆን እንዳለበት ስለጠየቅሽ መሆን ያለበትን ነገሩሽ። ያን ጥያቄ ወደ መጨረሻው ውሰጂውና በትናንትናው ቀን ጀምሪ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተሽ እስከ ማግስቱ 10 ሰዓት በየ30 ደቂቃው 48 ረድፍ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ዓምድ አድርጊ፦ ዋና ሥራ፣ ጎን ለጎን የተሠራ፣ አብሮ የነበረ ሰው። ሁለተኛው ዓምድ ከሌለ ልጅ አዝላ ወጥ የምታማስል ሴት «ወጥ ሠራች» ብቻ ተብላ ትመዘገባለች፤ የልጁ ነገር የለም።

ባልና ሚስቱን በአንድ ቀን፣ ለየብቻ ጠይቂ። አንድ የሥራ ቀንና አንድ እሑድ ይበቃል፤ የበዓል ዋዜማን ተዪው። 60 ቤት፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ቀን፦ 240 ቅጽ ነው፤ ብቻሽን ከሆንሽ ቤቱን ቀንሺ እንጂ ቀኑን አትቀንሺ። ደግሞ ጠዋትና ማታን የሚለይ ምልክት ካላደረግሽ «2 ሰዓት» ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ቁርስና እራት ይደባለቃሉ።

መምህር_ዘ፦
የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ፓርሰንስ በ1955 እ.ኤ.አ. ያለው፣ ባል ለእንጀራ ሚስት ለስሜት የሚለው ክፍፍል፣ ለመግቢያ ያህል ይጠቀሳል፤ ከዚያ በላይ አይጠቅምሽም። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ሆክሺልድ «ሁለተኛው ፈረቃ» (1989 እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም ሚስት ከደመወዝ ሥራዋ ተመልሳ ቤት የምትሠራው ሥራ፣ ይቀርባል፤ ሆኖም የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤት ፈረቃው ወደ ሠራተኛዋ ይተላለፋል። እሷን ካልመዘገብሽ ባልና ሚስቱ እኩል ይመስላሉ፤ ሁለቱም አልሠሩማ።

እዚያ ላይ የሚረዳሽ ሌላዋ የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳሚንጀር በ2019 እ.ኤ.አ. በአራት የከፈለችው የሐሳብ ሥራ ነው፦ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ መከታተል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው በብዛት ሴቷ ላይ ይወድቃሉ፤ ውሳኔው ግን የጋራ ነው። እንጀራን ውሰጂ። «ማን ይጋግራል?» ብለሽ አትለፊው። ጤፍ ማለቁን ማን አየ፣ ማን ገዛ፣ ማን አበጠረ፣ ወፍጮ ቤት ማን ወሰደ፣ ማን አቦካ፣ አብሲት ማን ጣለ፣ መብራት የሚኖርበትን ሰዓት ማን ጠበቀ? ባልየው የኩንታሉን ዋጋ ከፍሎ «እኔም አለሁበት» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ከሰባቱ አንዱ ላይ ነው።

በዕድሜ የገፉትን ስትጠይቂ ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንደነበረባት አስታውሺ (ቁ. 646)። እኩልነትን ያመጣው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው።

የእኩል_አራሽ፦
ወደ ገጠር እንዳታሰፊው እንጂ፣ ካሰፋሽው ዓለም አቀፉ የጊዜ አጠቃቀም ምደባ ያሳስትሻል። ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም በክፍል 2፣ ለራስ ፍጆታ ማምረት ውስጥ ናቸው። ክፍል 3ንና 4ን፣ ማለትም ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤት ውስጥ ሥራንና ቤተሰብ መንከባከብን፣ ብቻ የደመረ ሰው የሴቲቱን ብዙ ሥራ ይጥላል። በሬ ጠምዶ ማረስ ደግሞ በደጋው አገር የወንድ ነው ስለሚባል፣ ወንድ የሌላት ባለመሬት ማሳዋን ለእኩል ትሰጣለችና ምርቷን ታካፍላለች። ለሥራ ክፍፍል የሚከፈል ዋጋ ማለት ይኸ ነው። ፎገራ ያሉት አውራ አምባዎች ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል ብለው ስለሚኖሩ ለማነጻጸሪያ ይሆኑሻል።

ብሌን_ሶሲ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠራተኛዋንስ እንዴት ልጠይቃት? አሠሪዋ ፊት?

ሰዓት_ቆጣሪ፦
በፍጹም። አሠሪዋ ፊት ሁሌም «ሥራ አይበዛብኝም» ነው የምትልሽ። ለብቻዋ፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ፣ ስሟን ሳትጽፊ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች አሠሪዋ አሳዳጊዋ አይደለችምና የአሠሪዋ ፈቃድ አይበቃም፤ ቅጹን ከማባዛትሽ በፊት የዩኒቨርሲቲሽን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስወስኚ።